የመድኃኒት መላመድ ጥናት፦ ቁጥሩን የሚያዛቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ጀርሞች የትኛውን ፀረ-ተህዋስያን መድኃኒት እንደተላመዱ የሚያጠኑ ተማሪዎችና ባለሙያዎች አሉ። ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው እነሱ ባወጡት ቁጥር ነውና፣ ቁጥሩ ከተዛባ ዳፋው ለታማሚው ይተርፋል።

«አንቲባዮቲክ ወስደዋል?» ብሎ ማለፍ

ከቢቸና ገጠር የመጡ እናት እንዲህ ሲጠየቁ «የለም ልጄ» ሊሉ ይችላሉ፤ ከጎረቤት ያገኙትን ባለ ሁለት ቀለም ኪኒን ግን ትናንት ውጠውት ይሆናል። ቃሉን ስለማያውቁት እንጂ ሊደብቁ ፈልገው አይደለም። «እማማ፣ ካመምዎት ወዲህ ከመድኃኒት ቤትም ሆነ ከሰው ያገኙት ኪኒን አለ? ማሸጊያውን ይዘውታል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መድኃኒት የወሰደ ሰው ናሙና ላይ ደካማው ጀርም ሞቶ የተላመደው ብቻ ሊበቅል ይችላል፤ ጭራሹኑ ምንም ላይበቅልም ይችላል። ስለዚህ ደም የሚቀዳው የመጀመሪያው የመድኃኒት መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀዳል። ቆዳው የተጠረገበት 70 በመቶ አልኮል ሳይደርቅ መርፌ ከገባ የቆዳው ጀርም አብሮ ይገባል።

ናሙናን ሁሉ ፍሪጅ መክተት

የደም ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ጠርሙስና የአከርካሪ ፈሳሽ ፍሪጅ አይገቡም፤ የማጅራት ገትር ጀርም ብርድ ይገድለዋል። ሽንት በተቃራኒው ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቢበዛ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። በተለይ ከዓባይ በረሃ ዳር ካሉ ጤና ጣቢያዎች በሙቀት ሲጓዝ ጥቂቱ ጀርም መንገድ ላይ ተራብቶ ኢንፌክሽን ይመስላል።

አጋሩንም ጀርሙንም በዓይን መገመት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የሙለር ሂንተን አጋር (ጀርሙ ተቀብቶ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ለ90 ሚሊ ሜትር ፔትሪ ዲሽ (ክብ ሳህን) 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ከወፈረ መድኃኒቱ ወደ ታች ስለሚሰርግ በዲስኩ (መድኃኒት የተነከረ ትንሽ ክብ ወረቀት) ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ባዶ ክብ ይጠብና ያልተላመደው ጀርም የተላመደ ይመስላል። ከሳሳ ክቡ ይሰፋና የተላመደው «መድኃኒቱ ይሠራል» ተብሎ ይጻፋል፤ ለታማሚው የከፋው ይኼ ነው። የጀርሙ ብጥብጥም ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ጋር ተመሳክሮ፣ በሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ጀርም ሆኖ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ መቀባት አለበት። ከበዛ ክቡ እንደገና ይጠባል። ኢንኩቤተሩ 35 ዲግሪ፣ ቆይታው ከ16 እስከ 18 ሰዓት። ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922ን የመሰለ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መቆጣጠሪያ ጀርም አብሮ ካልተሠራ ወይም ክቡ ከተፈቀደለት ልክ ውስጥ ካልወደቀ፣ የዚያን ዕለት ውጤት አትመዝግቡ።

ዲስኩን ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ አትክፈቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ካልተጠበቀ እርጥበት ይገባበታል። መብራት ሲጠፋ የቆየበትን ጊዜም ጻፉ።

ቀንና ሰዓት ማደባለቅ

በ2014 ዓ.ም. ተወልዶ በ2017 ዓ.ም. ናሙና የሰጠ ሕፃን 3 ዓመቱ ነው። የናሙናው ቀን በፈረንጆቹ 2025 ተብሎ ከገባ ኮምፒውተሩ 11 ያደርገዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተሰጠ ሽንት 3፡00 ተብሎ ሲጻፍና የላቦራቶሪው መሣሪያ በፈረንጆቹ 9፡30 ሲለው ደግሞ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ የቆየው ናሙና ስድስት ሰዓት ተኩል የቆየ መስሎ ይጣላል። ቅጹ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድማችሁ አሳትሙ።

አንዱን ታማሚ ደጋግሞ መቁጠር

ለረጅም ጊዜ የተኛ ታማሚ በየሳምንቱ ናሙና ሲሰጥ ያው ጀርም አራት አምስት ጊዜ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ የጀርም ዓይነት ከአንድ ሰው በጥናቱ ዘመን የመጀመሪያውን ብቻ ያዙ። ካልቸር የሚታዘዘው መድኃኒት እምቢ ላለው ብቻ ከሆነም የተላመደው ድርሻ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ናሙናው ከማን እንደተወሰደ በግልጽ ጻፉ። ከ30 በታች በሆነ የጀርም ብዛት ላይ በመቶኛ አታውሩ፤ «ከ9ኙ 6ቱ» ማለት ይበቃል።