መርፌው ዓይናችሁ እያየ ይከፈት

ዘጌ የተወለደችው አያቴ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ነበራት፤ የተነቀሰችው በእሾህና በጥላሸት ነው። «ሦስት ቀን አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ነበር» ትለን ነበር እየሳቀች። ያ እሾህ ስንት ልጃገረድ ላይ እንደዋለ ግን የጠየቀ አልነበረም። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ነርስ ሆኜ ቁስል ሳጥብ 11 ዓመት ሆነኝ፤ ተነቅሶ ወይም ጆሮውን ተበስቶ የመጣ ታካሚን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መርፌው ነው።

ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ማክሰኞ ሌላ ሰው የተነቀሰበት መርፌ እሑድ እናንተን ሊበክል ይችላል። ስለዚህ መርፌው ከታሸገ መያዣው ፊታችሁ ይውጣ። ቀለሙም ለእናንተ ብቻ በትንሽ ዕቃ ይቀዳ፤ የተረፈው ይደፋ እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። ብዙ ሰው መርፌውን አይቶ ቀለሙን ይረሳል። ነቃሹ በጓንቱ ስልክ ካነሳ፣ ጓንቱን እንዲቀይር ንገሩት። ይከፋዋል፤ ይክፋው። ደግመው የሚያገለግሉ ብረቶች አውቶክሌቭ በሚባለው፣ በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን ውስጥ በ121 ዲግሪ እንፋሎት መቀቀል አለባቸው። «በሻማ ለብልቤዋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

እኔ በ19 ዓመቴ አልወጣሁም። የጆሮዬን የላይኛውን፣ ጠንካራውን ክፍል በሻማ በተለበለበ መርፌ ተበሳሁ። የታችኛው ለስላሳ ጫፍ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ላይኛው ግን ደም እምብዛም ስለማይደርሰው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈልጋል፤ ካመረቀዘም ቅርጹ ይበላሻል። የግራ ጆሮዬ ዛሬም የተጨማደደ ነው። ሻሽ የማዘወትረው ለእምነት የሚመስላቸው አሉ።

ከ1999 ዓ.ም. በፊት የተወለዳችሁ በሕፃንነታችሁ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሳያመልጣችሁ አይቀርም። ክትባቱ ሦስት ጊዜ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ ቀድማችሁ ጀምሩ። በቤተሰባችሁ ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ሰው ካለ ደግሞ ነገሩን ደግማችሁ አስቡበት።

ከተነቀሳችሁ ወይም ከተበሳችሁ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቁስሉን ከፋርማሲ በተገዛ ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ማጽዳት፣ ጉትቻውን አለማሽከርከር። ቅቤ አትቀቡ፤ እናቶቻችን ቢቆጡም። ጣናም ውስጥ አትዋኙ፤ ንቅሳት ሦስት ሳምንት ያህል፣ የተበሳ ጆሮ ደግሞ እስኪድን ይጠብቅ። በጥምቀትም ቁስሉን ሸፍናችሁ ተረጩ።

መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። ጉትቻውን ግን ቤት ውስጥ አታውልቁት፤ ቀዳዳው ሲዘጋ መግሉ ውስጥ ይቀራል።