የቆዳ ጫማ ለምን ቶሎ ይበላሻል? ችግርና መፍትሄ

ጥሩ የቆዳ ጫማ ዛሬ ርካሽ አይደለም። ገዝቶ በአንድ ክረምት መጣል ያንገበግባል። በእኔ እምነት አብዛኛው ጫማ የሚበላሸው ብዙ ስለተራመድንበት አይደለም። ከረጠበ በኋላ አደራረቁን ስለማናውቅበት ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር፤ ትንሽም እቆይበታለሁ።

ቆዳው ደርቆ ጠንክሯል፣ መታጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቋል

ምክንያቱ፦ ቆዳ ሲለፋ ውስጡ ቅባት እንዲገባ ይደረጋል። ለስላሳና ተጣጣፊ የሚያደርገው ይህ ቅባት ነው። ጫማው በዝናብ ርሶ ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ቀትር ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቆዳው በአንዴ ይኮማተራል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በተራመድን ቁጥር ጣታችን በሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ የሶሉን ማስቲሽም ያላላዋል። በአንድ ስህተት ሁለት ጉዳት ማለት ነው።

መፍትሄው፦ ቤት እንደገባችሁ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ክሩን ፍቱ፣ የውስጥ ንጣፉ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት። ገበሩ ነጣ ያለ ከሆነ ግን የጋዜጣው ቀለም እንዳይነካው ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት ይሻላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ወረቀቱ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይርሳል፤ አውጥታችሁ በደረቅ ቀይሩት። ካልቀየራችሁት እርጥበቱን እዚያው አቅፎ ያሳድረዋል። ሶሉም አየር እንዲያገኝ ጫማውን በጎኑ አስተኙት። ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ውሃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ሁለት ቀንም ያስፈልገዋል። ሲደርቅ ስስ አድርጋችሁ የጫማ ቅባት ቀቡት፤ የወጣውን ቅባት የሚመልስለት እሱ ነው።

የተሰነጠቀ ቆዳ ተመልሶ አይገጥምም። ቅባት ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይረዳል እንጂ አያጠፋውም። የምግብ ዘይት ግን አትቀቡት፤ ውሎ አድሮ ይሸታል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ከደረቀ በኋላ ነጭ መስመር ወጣበት

ጨው ነው። ውሃው ሲተን ከጭቃው፣ ከላብና ከራሱ ከቆዳው የወጣው ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። ቀለም ብትቀቡበት ተመልሶ ይወጣል። አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ ቀላቅሉ። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ከዚያ መስመሩን ብቻ ሳይሆን ጫማውን በሙሉ በስሱ ጥረጉት፤ አለዚያ አዲስ ድንበር ይሠራል። ሲደርቅ ቅባት።

ሻጋታ ያዘው

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተለመደ ነው። ጫማው በደንብ ሳይደርቅ ቁም ሳጥን ወይም ፌስታል ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከቤት ውጭ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። በውሃ በቀጠነ አልኮል ጥረጉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ስታስቀምጡት በፌስታል ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት ይሁን።

ሳይደረግ የቆየ ጫማ ሶሉ ፈረሰ

ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዘመድ ከውጭ የላከው ጫማ «ለክብር ቀን» ተብሎ ዓመታት ይቀመጣል። ሠርግ ቀን ሲደረግ ሶሉ መንገድ ላይ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ሰው ወዲያው «ፎርጅድ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሶሉ ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ቀላልና ምቹ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ይህን ፕላስቲክ ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ውድ ጫማም ላይ ይደርሳል። መፍረፈር የጀመረ ሶል በማስቲሽ አይድንም። ላዩ ደህና ከሆነ ጎበዝ ጫማ ሠሪ ጋር ወስዳችሁ ሶሉን ሙሉ በሙሉ በጎማ አስቀይሩ። ያላችሁን ጫማ ደግሞ አትሰስቱለት፤ አልፎ አልፎ አድርጉት።

ጫማው አፉን ከፈተ

ማስቲሹ ለቋል። ሱፐር ግሉ ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ ሶሉ ሲታጠፍ ይሰበራል። አሮጌውን ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት አንሱ። አዲሱን ሁለቱም ፊት ላይ ቀቡ። ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁና በኃይል አጣብቁ። የሚቸኩለው ሰው የሚሳሳተው ይህቺን ደቂቃ ባለመጠበቁ ነው። ዳር ዳሩን ማሰፋት ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን ክሩ ባለፈበት ቀዳዳ ውሃ ሊገባ ይችላል።

ቢጠረግም አያበራም

በላይ በላዩ የተቀባ አሮጌ ቀለም ከአቧራ ጋር ተጋግሯል። ሊስትሮ ጋር ስትቀመጡ «ወንድሜ፣ ውሃና ሳሙናውን ቀነስ፣ ቀለሙንም ሳሳ አድርግልኝ» በሉት። ክሩንም ያውጣላችሁ፤ ምላሱ ሥር ያለው ቆዳ ሁሌ ይረሳል። ሳሙናው ደርቆ ሳይጨርስ ቀለም አይቀባ። ለቆዳው ከፈሳሹ ይልቅ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቀለም ይሻለዋል፤ ውስጡ ሰም ስላለ ውሃም በተወሰነ ደረጃ ይመልሳል።

መጥፎ ሽታ

አንድን ጫማ በየቀኑ ስለምታደርጉት ላቡ አይደርቅም። ቢያንስ አንድ ቀን እያሳረፋችሁ አፈራርቁ።

ታኮው በአንድ ጎን ተበላ

አረማመዳችን ያመጣዋል፤ ብዙ ሰው በውጭው ጠርዝ በኩል ይረግጣል። መፍትሄው ጊዜውን ማወቅ ነው። ታች ያለው ጎማ ብቻ እያለቀ ሳለ ማስቀየር ቀላል ሥራ ነው። ዋናው ታኮ መበላት ከጀመረ ሥራውም ዋጋውም ይጨምራል። የቀኙንም የግራውንም አብራችሁ አስቀይሩ። አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ ቁመቱ ስለሚበላለጥ እግርና ወገብ ሊያመን ይችላል።