የአንድን ቤተሰብ ስም በእንግሊዝ የገጠር መንደር መዛግብት ውስጥ እንዴት መከተል ይቻላል?

በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ስም እንደ እኛ በየትውልዱ አይለወጥም፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ለብዙ መቶ ዓመታት ይዘልቃል። እኔም ይህን ፍለጋ የጀመርሁት የባለቤቴ አገር እንግሊዝ ስለሆነ፣ ልጆቻችን የአባታቸውን ወገን እንዲያውቁ ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ በሕይወት ያሉትን የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ከዚያ ወደ ሕዝብ ቆጠራው ሂዱ፤ ከ1841 እስከ 1921 በየአሥር ዓመቱ የተመዘገበው ለሕዝብ ክፍት ነው። የ1851ዱ ሰው የተወለደበትን አጥቢያ ስለሚናገር ከ1841ዱ ይልቅ ይጠቅማል።

ከጁላይ 1 ቀን 1837 በፊት የመንግሥት የልደት ምዝገባ ስላልነበረ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚወስዳችሁ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እንዲጀመር ያዘዘው የአጥቢያ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ነው። ቄሱ ስሙን እንደሰማው ይጽፍ ስለነበር፣ ድምፁ አንድ የሆነውን ሁሉ፣ ፊደሉ ቢለያይም፣ ፈልጉ።

ከሁሉ የሚከብደው የዘመን መለወጫው ነው። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን ስለነበር፣ ፌብሩዋሪ 1714 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1715 ነው፤ ማለትም ከኖቬምበር 1714 በኋላ እንጂ በፊት አይመጣም። ዓመቱ በመስከረም ለሚለወጥልን ለእኛ ይህ ለመረዳት አይከብድም፤ እኔ ግን አላሰብሁበትም።

በምከተለው መንደር ኖቬምበር 1714 የተጠመቀ ጆን የሚባል ሕፃን አገኘሁ። በዚያው ስም ፌብሩዋሪ 1714 የተቀበረ ልጅም ነበረ፤ ቀብሩ ከጥምቀቱ ስለቀደመብኝ ሌላ ልጅ ነው ብዬ አለፍሁት። የተቀበረው ግን ያው የተጠመቀው ሕፃን ነበር። የእኛ ጆን በ1717 ከሌላ ቤት የተወለደው ጆን ሲሆን፣ የሁለቱም አባት ዊልያም ይባል ነበር። ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ በተሳሳተው ቤት ከሄድሁ በኋላ፣ አንድ አያት የልጅ ልጁን በስም የጠራበት ኑዛዜ መለሰኝ። ስለዚህ ማንንም ሰው ወደ ዘር ሐረጉ ከማስገባታችሁ በፊት፣ በሕፃንነቱ አለመቀበሩን ከቀብር መዝገቡ አረጋግጡ።

የስሕተቴ ሌላው ምንጭ ከኢንተርኔት ባገኘሁት የስም ዝርዝር ብቻ መሥራቴ ነበር። ዝርዝር መጠቆሚያ ነው፤ የገጹን ፎቶግራፍ ብመለከት ኖሮ ፌብሩዋሪ ከኖቬምበር ቀጥሎ እንደተጻፈ በዓይኔ አየው ነበር። ገጹ ከጠፋ ወይም እርጥበት ካበላሸው፣ ከ1598 ጀምሮ አጥቢያዎች በየዓመቱ ወደ ጳጳሱ እንዲልኩ የታዘዙትን ግልባጭ በካውንቲው (በአውራጃው) ቤተ መዛግብት ጠይቁ። ከ1858 በፊት የነበሩ ኑዛዜዎች የጸደቁት በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ስለሆነ፣ የብዙ ባለጸጎች ኑዛዜ ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል፤ የተራ ገበሬዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በካውንቲው ነው።

ስሙ በመንደሩ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከ1836ቱ የአሥራት ሕግ ወዲህ አሥራቱን ለመተመን የተሠራውን ካርታ ፈልጉ። እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አብሮት ባለው መዝገብ የባለቤቱና የያዡ ስም ተጽፏል፤ ቁጥሩን ከዛሬ ካርታ ጋር አስተያይታችሁ ቤተሰቡ ያረሰው መሬት ድረስ በእግራችሁ መሄድ ትችላላችሁ።