አልጌው ለምልሞ ውሃው አልጠራ ካለ

ከማሳ የሚወጣውን ትርፍ ውሃ ለማጥራት የአልጌ ቦይ ሠርታችኋል፤ ማለትም አልጌ የሚበቅልበት መረብ ተዘርግቶ ውሃው በላዩ የሚፈስበት ቦይ። ፓምፑ ይሠራል፣ መረቡም አረንጓዴ ለብሷል። መውጫው ላይ ስትለኩት ግን ናይትሬቱ (ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሮጅን) ከመግቢያው አይሻልም። ኑና እዩልን ተብዬ ከሄድኩባቸው ቦዮች በአብዛኞቹ ያገኘሁት ምክንያት አንድ ነው፦ አልጌው አልታጨደም።

አልጌ ከማሳው ታጥቦ የመጣውን ማዳበሪያ፣ ዩሪያውንና ዳፑን፣ አያጠፋውም፣ ሰውነቱ ውስጥ ነው የሚያስገባው። ካላወጣችሁት እዚያው ሞቶ ይበሰብስና የበላውን ለውሃው ይመልሳል።

ዝዋይ አካባቢ አንድ የሽንኩርት ማሳ ላይ ባለቤቱ በኩራት ቦዩን አሳየኝ። ምንጣፍ ነው የሚመስለው። እጄን ከሥር ሰድጄ ስገለብጠው ግን ጥቁር ነው፣ የገማ እንቁላል ይሸታል፣ ክሩም ጣቴ ላይ ይቀልጣል። ሰባት ሳምንት ማንም አልነካውም። «እንዲህ ያማረ ነገር ለምን ይታጨዳል?» አለኝ። አብረን ፋቅነው። የናይትሬቱ ቁጥር መውረድ የጀመረው ከሦስተኛው እጨዳ በኋላ ነው።

ስለዚህ በየ7 እስከ 14 ቀኑ እጨዱ፤ ሙቀት ሲበረታ ወደ 7 ጠጋ በሉ። ውሃውን ዝጉና በወለል ውሃ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች ፋቁ። መረቡን እስኪነጣ አትፈግፍጉት፣ የሚያቆጠቁጠው እዚያ ከቀረው ነው። ደግሞ እባካችሁ፣ ያጨዳችሁትን ቦዩ ጫፍ ላይ አትከምሩት! ዝናብ ሲመጣ ጭማቂው ተመልሶ ይገባል፣ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ራቅ አድርጋችሁ ከገለባ ጋር ኮምፖስት አድርጉት።

አልጌው በአንድ ሁለት ቀን ነጥቶ ካለቀ፣ ቲማቲሙ ላይ መዳብ ያለው የፈንገስ መድኃኒት ተረጭቶ እንደሆነ ጠይቁ። መዳብ አልጌ ይገድላል። ከርጭት በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ውሃ ለብቻው ያዙት፣ ወደ ሐይቁም አትልቀቁት።

አልጌውን ትል ከጋጠው ቶሎ ቶሎ እጨዱ።

መረብ ስትገዙ ርካሹን ተዉት። ፀሐይ ይበላውና ብጥስጣሹ ፓምፑን ያንቀዋል። አንድ ሻጭ የሰጠኝን ሦስት ወር ሳይሞላው ቀይሬዋለሁ።

ልኬቱን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አድርጉት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ቀትር ላይ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚጨርሰው የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ወደ አየር ይተናል። የአሞኒያው ቁጥር ሲወርድ አልጌው የበላው ይመስላችኋል።

ውሃው ላይ የፈሰሰ ቀለም የመሰለ ሰማያዊ አረንጓዴ ቅባት ካያችሁ ግን ሥራውን አቁሙ። ቆቃ ሐይቅ ላይ የሚታወቀው ማይክሮሲስቲስ የሚባል ባክቴሪያ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ መርዝ ያመነጫል። ከብት አይጠጣው፣ ልጆች አይንቦጫረቁበት። ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም።