ደች በራስ ጥናት፦ አራሚ ሲጠፋ ሥር የሚሰዱ ስህተቶች

ሆላንድ በጥገኝነት የመጡ ወገኖቻችን ቋንቋውን የመማር የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ ከተማ አስተዳደሩም ክፍል ያስገባቸዋል። በሙያው ተቀጥሮ የመጣ መሐንዲስ፣ ወይም ዋኸኒንገንና ዴልፍት የሚማር ተማሪ ግን ይህ ግዴታ የለበትም። የሚያስተምረውም የለም። ቀን ሥራ፣ ማታ ቤት፣ ባቡር ላይ ስልክ እየነካኩ ጥቂት ቃላት።

በራስ መማር ይቻላል። ብዙ ሰው ችሎታል። ከባዱ ነገር የሚያርም ሰው አለመኖሩ ነው። መምህር ቢኖር «ቆይ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» ይላችኋል። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ሆላንዳዊ ግን ከገባው ያልፈዋል፣ ካልገባው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ስህተቱም ማንም ሳይነካው ለወራት ይደጋገማል፣ ከዚያ ልማድ ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሳቸው በተለይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ላይ ደጋግሜ የማያቸውን ነው።

ንባቡን በፊደላችን መጻፍ

ደብተሩ ላይ ከደቹ ቃል አጠገብ ንባቡን በፊደል የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያግዝ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ይበዛል። እዚህ የደች ቃላትን በፊደላችን የምጽፈው ለማንበብ እንዲቀልላችሁ ብቻ ነው። ደብተራችሁ ላይ እንዲህ አታድርጉ።

ደች ውስጥ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉሙ ይለወጣል። ፊደላችን ይህን ርዝመት አያሳይም። «ቦም» ብላችሁ ጻፉ። አጭሩ ቦምብ ነው፣ ረጅሙ ዛፍ። «ዞን» አጭሩ ፀሐይ፣ ረጅሙ ወንድ ልጅ። «ማን» አጭሩ ወንድ፣ ረጅሙ ጨረቃ። በፊደል ከጻፋችኋቸው ሁለቱ አንድ ይሆኑባችኋል፤ አንድ አድርጋችሁ ከያዛችኋቸው ደግሞ አንድ አድርጋችሁ ትናገሯቸዋላችሁ።

ድርብ ፊደል ላይ ያለው ስህተት ከዚህም ይብሳል፤ የሚመጣውም ከራሳችን ቋንቋ ነው። እኛ ማጥበቅና ማላላት እናውቃለን። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ ደች ውስጥ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ስናይ ምላሳችን ወዲያው ያጠብቀዋል። አታጥብቁት። ድርቡ ፊደል የተጻፈው ከሱ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ለመንገር ነው። ቦምቦች በሁለት «ኤም» ይጻፋሉ፣ ዛፎች በአንድ። ስትናገሩት ሁለቱም «ቦመን» ነው፣ ሁለቱም ላይ «መ» ላልታ ትነገራለች። የሚለያቸው «ኦ» ነች። ዛፎች ላይ ትጎተታለች፣ ቦምቦች ላይ ቶሎ ትቆረጣለች። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ዓመት ሙሉ እያጠበቃችሁ ትናገራላችሁ፣ ሰሚውም ለምን እንደሚከብደው ሳያውቅ ይቸገራል።

እኛ ዘንድ የሌሉት ድምፆች በአፍ ቅርጽ ይያዛሉ። መስታወት ፊት ቁሙና «ኢ» በሉ። ድምፁን ሳታቋርጡ፣ ምላሳችሁንም ሳታነቃንቁ ከንፈራችሁን «ኡ» እንደምትሉ አሹሉት። የወጣው ድምፅ ሰዓት የሚለው የደች ቃል (uur) ውስጥ ያለው ነው። አሁን ደግሞ «ኤ» እያላችሁ ከንፈራችሁን «ኦ» እንደምትሉ ክብ አድርጉት፤ ይኼኛው አፍንጫ የሚለው የደች ቃል (neus) ውስጥ አለ። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ብትንሸራተቱ፣ በደች ቤት (huis) ለማለት የሚያስፈልጋችሁ ድምፅ ላይ ትደርሳላችሁ።

ጉሮሮ የሚፍቀው «ኸ» ያን ያህል አያስጨንቅም። ትግርኛ የሚችል ወይም ዓረብ አገር ኖሮ ዓረብኛ የለመደ ሰው ከጓደኞቹ ቀድሞ ይይዘዋል። ደቡብ ላይ ባሉት በሰሜን ብራባንትና በሊምቡርኽ ክፍለ ሀገሮች፣ እንዲሁም ቤልጅየም ፍላንደርስ ውስጥ ለስለስ ብሎ ነው የሚነገረው። የምትኖሩበት ከተማ ሰው እንደሚለው በሉት።

ሰዓቱን በሦስት ሒሳብ ማዞር

ይህኛው ቀጠሮ ያሳጣል። «ሃልፍ ድሪ» ቃል በቃል ግማሽ ሦስት ነው። እኛ ተኩል ስንል ያለፈውን ሰዓት ይዘን ስለሆነ፣ ሰምተን ሦስት ተኩል አድርገን እንመዘግበዋለን። እነሱ ግን የሚቆጥሩት ወደሚመጣው ሰዓት ነው። «ሃልፍ ድሪ» 2፡30 ነው። «ቲን ፎር ሃልፍ ድሪ» ካሏችሁ ደግሞ ለ2፡30 አሥር ጉዳይ ማለታቸው ነው፣ ማለትም 2፡20።

በዚህ ላይ የኛ አቆጣጠር አለ። ከደች ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ሐበሻ ሰዓት ስትሉ የሐኪም ቤቷ ጸሐፊ ስልኩን ዘግታለች። መንገዱን አሳጥሩት። መርፌ ያለው ሰዓት ግድግዳ ላይ ስቀሉና ባያችሁት ቁጥር በደች ብቻ አንብቡት። በአእምሯችሁ አትተርጉሙት፣ የመርፌውን አቀማመጥ ከደቹ አባባል ጋር አገናኙት። ስልክ ላይ ከተጠራጠራችሁ «ዱስ ትዌ ኡር ደርቲኽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ማለት ነው፤ ማንም አይሳሳትበትም።

ቁጥሩም ያው ነው። 42ን «ትዌ ኤን ፌርቲኽ» ይሉታል፣ ሁለትና አርባ። ስልክ ቁጥር ሲነገራችሁ የሰማችሁትን ወዲያው ከጻፋችሁ 24 ይሆናል። ጥንዱ እስኪያልቅ እስክሪብቶውን ያዝ አድርጉ።

ቃሉን ያለ «ደ» ወይም «ሄት» መሸምደድ

እያንዳንዱ የደች ስም «ደ» ወይም «ሄት» ከፊቱ ይዞ ይመጣል። አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ብዙዎቻችን «በኋላ እደርስበታለሁ» ብለን ቃሉን ብቻውን እንይዘዋለን። በኋላ አይደረስበትም፤ መቶ ቃል ሲሆን እንደ አዲስ ማጥናት ነው። ቅጽሉም በዚህ ይለወጣል፦ አንድ ትልቅ መኪና «ኤን ኽሮተ አውቶ»፣ አንድ ትልቅ ቤት ግን «ኤን ኽሮት ሆይስ»።

ደንብ የለውም የሚባለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። አብዛኛው ስም «ደ» ነው። ብዙ ቁጥር ሁሉ «ደ» ነው። በ«ኢንግ» እና በ«ሃይት» የሚያልቁት «ደ» ናቸው። በማሳነሻ የሚያልቁት፣ ማለትም «የ»፣ «ቸ» እያሉ የሚጨርሱት ሁሉ ደግሞ «ሄት» ናቸው። ሴት ልጅ «ሄት ማይሸ» የምትባለው በዚህ ነው። በ«ኸ» የሚጀምሩት ወደ «ሄት» ያዘነብላሉ፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የምትጠሩት «ኸሜንተ»፣ የከተማ አስተዳደሩ፣ «ደ» ነው። ይህንን ለብቻው ያዙት።

በእንግሊዝኛ በኩል መሄድ

መማሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩንም በእንግሊዝኛ አስበን ወደ ደች እንገለብጣለን። ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ግን አማርኛችን ይበልጣል፣ ይህን የሚነግረን መማሪያ ደግሞ የለም።

«ስላመመኝ አልመጣም» ለማለት ደች «ኢክ ኮም ኒት፣ ኦምዳት ኢክ ዚክ ቤን» ይላል። ነኝ የሚለው «ቤን» መጨረሻ ላይ ነው ያለው። በእንግሊዝኛ የሚያስብ ሰው «ኦምዳት ኢክ ቤን ዚክ» ይላል፣ ስህተት ነው። «ስለ»፣ «እንደ»፣ «ከ... በኋላ» እያልን የምናስረው ሐሳብ ደች ውስጥ ግሱን ወደ መጨረሻ ይልካል። እኛ ግስ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው። እዚህ ጋ ራሳችሁን እመኑ።

ዋናው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ግሱ ሁለተኛ ቦታውን አይለቅም። «ሞርኸን ኻ ኢክ ናር ደ ማርክት»፦ ነገ፣ እሄዳለሁ፣ እኔ፣ ወደ ገበያ። በጊዜ ወይም በቦታ ከጀመራችሁ እኔ የሚለው ከግሱ በኋላ ይገባል። ለሁለት የሚከፈሉ ግሶችም አሉ። «ኢክ ቤል ዬ ሞርኸን ኦፕ»፣ ነገ እደውልልሃለሁ፤ የግሱ ቁራጭ «ኦፕ» መጨረሻ ላይ ቀርታለች። ስታዳምጡ የመጨረሻዋን ቃል ጠብቁ። አማርኛ ሰሚ «በላ» ይሁን «አልበላም» እስከ መጨረሻው መጠበቅ ልማዱ ስለሆነ አይከብዳችሁም።

እንግሊዝኛ የሚመስሉ ቃላትም ያታልላሉ። «ኦፍ» ወይም ነው። «ዊ» ማን ነው። «ብራንት» እሳት ነው። «ስሊም» ካሏችሁ ስለ ውፍረታችሁ እያወሩ አይደለም፣ ጎበዝ እያሏችሁ ነው።

እንግሊዝኛ ሲያወሩላችሁ አብሮ መሄድ

ከሁሉ በላይ የሚጎዳን ይህ ይመስለኛል። ሆላንዶች እንግሊዝኛ በደንብ ይችላሉ። ቃል ፈልጋችሁ ትንሽ ዘግየት ስትሉ ይዞራሉ። ንቀት አይደለም፣ ሊያግዟችሁ ነው። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን፤ ሰውን ማስቸገር አንወድም፣ እንከተላቸዋለን። በዚህ መንገድ አሥር ዓመት ኖሮ ዳቦ በእንግሊዝኛ የሚገዛ ሰው አለ።

አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ፦ «ኢክ ሌር ኔደርላንትስ። ዊልት ኡ ኔደርላንትስ ሜት ማይ ፕራተን?» ደች እየተማርኩ ነው፣ በደች ቢያናግሩኝ? ፈገግ ብላችሁ በሉት። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት ይመለሳል።

መጀመሪያ የምትለማመዱበት ቦታ ደግሞ የሱፐርማርኬት ሒሳብ መክፈያው ይሁን። የሚጠየቀው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። «ሄፍት ኡ ኤን ቦኑስካርት?» የቅናሽ ካርድ አለዎት? «ስፓርት ኡ ዜኸልስ?» ኩፖን ያጠራቅማሉ? «ዊልት ኡ ደ ቦን?» ደረሰኙን ይፈልጋሉ? በመጨረሻም «ፋይነ ዳኽ!» መልሱም «ያ ኽራኽ»፣ «ኔ ዳንክ ኡ»፣ «ኡ ኦክ» ነው። ጥያቄው ምን እንደሆነ ቀድማችሁ ስለምታውቁ ጆሯችሁ ፍጥነቱን ይለምዳል። ራሳችሁ የምትከፍሉበትን ማሽን ትታችሁ ሰው ያለበት ሰልፍ ግቡ። ጊዜ ያለው ሻጭ ከፈለጋችሁ ደግሞ ገበያ ሂዱ። ዴን ኻኽ (ሄግ) ያለው ትልቁ ገበያ ውስጥ ከሻጮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ደችን በጉልምስና የተማሩ ስለሆኑ ይታገሷችኋል።

መተግበሪያ ላይ ብቻ መቆየት

ስለዚህ ብዙ አልልም። መተግበሪያ ቃል ያስይዛል፣ ልማድም ይፈጥራል፤ ማውራት ግን አያስተምርም። በተለይ ትንንሾቹን ቃላት አያስተምርም፦ «ኤፈን»፣ «ማር»፣ «ቶኽ»፣ «ሆር»። ሆላንዳዊ ያለ እነሱ አያወራም። ሥራቸው የኛ «እስቲ» እና «እኮ» የሚሠሩትን ዓይነት ነው። «ዋኽት» ብቻውን ትእዛዝ ነው፤ «ዋኽት ኤፈን» ሲሆን አንዴ ቆይማ ይሆናል። እነዚህን የምታገኙት ከሰው ንግግር ነው። ለልጆች የሚዘጋጀውን የሕዝብ ማሰራጫው የኤንኦኤስ ዜና፣ «የኽትዡርናል»ን፣ በደች የጽሑፍ መግለጫ እዩት። የእንግሊዝኛ መግለጫ ካበራችሁ ዓይናችሁ ያነባል፣ ጆሯችሁ ያርፋል።

ፈተናውን ሳያዩ ማጥናት

ዛሬ ግዴታ የሌለበት ሰው ነገ ቋሚ መኖሪያ ወይም ዜግነት ሲጠይቅ የቋንቋ ፈተናው ፊቱ ይደቀናል። አዲሱ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ላለባቸው የቋንቋ ደረጃውን ከኤ2 (መሠረታዊ) ወደ ቢ1 (መካከለኛ) ከፍ አድርጓል። እናንተን የሚመለከተው የትኛው እንደሆነ ከጓደኛ አትስሙ፤ ፈተናውን የሚያካሂደው ዱኦ ገጽ ላይ አረጋግጡ። የመለማመጃ ፈተናዎችም በነፃ አሉ። ማንበብና ማዳመጥ በራስ ጥናት ይደረስባቸዋል። ብቻውን ያጠና ሰው የሚወድቀው መናገርና መጻፍ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህን ሁለቱን ማንም አይቶለት አያውቅም።

ስለዚህ አራሚ ፈልጉ። የየከተማው ቤተ መጻሕፍት የቋንቋ ካፌ፣ «ታልካፌ» የሚባለውን፣ ያዘጋጃል፤ ቡና እየጠጡ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ማውራት ነው። በሳምንት አንዴ ቁጭ ብሎ ከሚያወራችሁ «ታልማቸ»፣ ከቋንቋ ጓደኛ፣ ጋር የሚያገናኙ በጎ ፈቃደኞችም አሉ። ስትገናኙ «አውሩኝ» ብቻ አትበሉ። ሰውየው በትሕትና ስህተታችሁን ያልፈዋል። አንድ ነገር መርጣችሁ ስጡት፦ ዛሬ «ደ» እና «ሄት» ብቻ አርመኝ፣ በሚቀጥለው የግሱን ቦታ ብቻ። ያረማችሁን እዚያው ጻፉት፣ በላቲኑ ፊደል፣ ከነ«ደ»ው ወይም ከነ«ሄት»ው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ወሬውን የምትጀምሩትም በዚያ ዓረፍተ ነገር ይሁን።