የፕሪ-ሜድ አማካሪያችሁ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን የማይሠሩ ስህተቶች

አሜሪካ ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የፕሪ-ሜድ (ለሕክምና ትምህርት ቤት የመዘጋጀት) አማካሪዬ «ሳምንትህ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደህና ነው» ብዬ አለፍኩት። በሳምንት 30 ሰዓት፣ አብዛኛውን በሌሊት፣ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ፣ ሆኜ እሠራ ነበር። ይህን ብነግራት «ይሄ ልጅ ሐኪም መሆን አይችልም» ትላለች ብዬ ፈራሁ። እሷም ባላወቀችው ነገር ልትመክረኝ አትችልምና ባዮሎጂንና ኬሚስትሪን ከነላብራቶሪያቸው በአንድ ሴሚስተር እንድወስድ ነገረችኝ። ለማይሠራ ልጅ ትክክለኛ ምክር ነው። እኔ ግን ኬሚስትሪውን በሲ ጨረስኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ በይሉኝታ ራስን መደበቅ። ትልቅ ሰው ፊት ችግር አይዘረገፍም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ዝም ማለት ጨዋነት ነው እየተባልን አድገናል። አማካሪ ፊት ግን ዝም ያለ ተማሪ የሚያገኘው ለማንም የሚሰጠውን ምክር ነው። ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ አገር ቤት ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ፣ ታናናሾቻችሁን ከትምህርት ቤት የምታመጡ ከሆነ፣ የወደቃችሁበት ኮርስ ካለ ተናገሩ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁንም አትደብቁ፤ በተማሪ ቪዛ ያለ አመልካች የማይቀበሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ግሪን ካርድ ያለው ግን ያ በር አይዘጋበትም። በዚያ ላይ ያፈራችሁበት ሥራ ሊጠቅማችሁ ይችላል። አብዛኞቹ የኤምዲ (የተለመደው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት አምካስ የተባለው የማመልከቻ ሥርዓት እስከ 15 የሚደርሱ የሥራና የአገልግሎት ልምዶችን ያስመዘግባል፤ አረጋዊ አገላብጦ ማጠብም ከሕመምተኛ ጋር ያሳለፋችሁት እውነተኛ ጊዜ ነው።

«ሜጀሬ ፕሪ-ሜድ ነው» ብሎ መጀመርም የተለመደ ስህተት ነው። አገር ቤት ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ወደ ሕክምና ስለሚገባ ቤተሰብም እንዲሁ ያስባል። እዚህ ግን መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያም ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰድ የሙያ ሥልጠና፣ ነው። ፕሪ-ሜድ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል አይደለም፤ ታሪክ የሚያጠና ተማሪም የሚጠየቁትን የሳይንስ ኮርሶች ካሟላ ያመለክታል። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «እነዚህን ኮርሶች በእኔ ሰዓት በምን ቅደም ተከተል ልውሰዳቸው?» ነው።

ትራንስክሪፕት ሳይዙ አትሂዱ። ሃይስኩል ሳላችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰዳችሁት አንድ ኮርስ እንኳ ቢሆን አምካስ ይቆጥረዋል። ኮርስ ደግማችሁ ብትወስዱ ሁለቱም ውጤት ይገባል፤ ኮሌጃችሁ የመጀመሪያውን ቢሰርዝላችሁም አምካስ አይሰርዘውም። ጎንደር ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዓመትም ሁለት ዓመትም የተማራችሁ ደግሞ ያንን በመጀመሪያው ቀን አንሱት። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቅድመ ኮርሶቹ አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ እንዲወሰዱ ስለሚፈልጉ ዕቅዳችሁ ከሥሩ ሊለወጥ ይችላል።

ስለ ኤምካት፣ ማለትም ስለ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ አጭር ላድርገው። ገና ኬሚስትሪ ሳይጨርሱ የፈተና ቀን ቆርጠው የሚመጡ ልጆች አሉ። ፈተናው ከእረፍቱ ጋር 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ተጨምሮበታል። «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ የሚገባበት አይደለም። አቅም ለሌለው ተማሪ የክፍያ ድጋፍ አለ፤ ግን ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት መጽደቅ አለበት፣ የተከፈለውን አይመልስም።

ለእናቶችና ለአባቶች፦ ልጃችሁን ቢሮው ደጅ ድረስ ሸኙ እንጂ ገብታችሁ አትናገሩለት። ፌርፓ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1974 ሕግ ኮሌጅ የገባ ተማሪን ውጤት የመመልከትና ሌላ ሰው እንዲያየው የመፍቀድ መብት ለተማሪው ሰጥቷል። አማካሪው ስለ ዲኦ፣ ኦስቲዮፓቲክ ስለሚባለው ሌላው የሐኪምነት ዲግሪ፣ ቢያነሳም አትከፉ። ዲኦ እንደ ኤምዲ ሙሉ ሐኪም ነው፣ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል።

አንድ ልብ የሚሰብር ነገር አለ። አማካሪው ውጤታችሁን አይቶ «ሌላ ሙያ አስበህ ታውቃለህ?» ሊል ይችላል። በአክብሮት አንገት ደፍቶ አመስግኖ መውጣት፣ ከዚያም ሕልሙን መተው፣ ብዙ ልጆቻችን ላይ ያየሁት ነው። የሚቀበላችሁ የሕክምና ትምህርት ቤቱ እንጂ አማካሪው አይደለም። «ምኑ መስተካከል አለበት? ከስንት ወደ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት። ኮሌጃችሁ የኮሚቴ ደብዳቤ፣ ማለትም በኮሌጁ ስም የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሚጽፍ ከሆነም የራሱን የጊዜ ገደብ ጠይቁ፤ ከማመልከቻው ብዙ ወራት ቀድሞ ሊያልፍ ይችላል።

እኔ በሁለተኛው ቀጠሮ ሳምንቴን ከሰኞ እስከ እሑድ፣ የሌሊት ሥራዬንም ጨምሬ፣ በአንድ ወረቀት ጽፌ ሄድኩ። አማካሪዬ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ አንዱን ላብራቶሪ ወደ ሰመር አዛወረችልኝ።