እናታችሁ ቡና ላይ ስለናንተ ምን ትላለች? (ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ሥራ ለምትፈልጉ)

ከተመረቃችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ? ስድስት ወር? ሁለት ዓመት? እኔ አካውንቲንግ ተመርቄ ደሴ ላይ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቁጭ ብያለሁ፣ ስለዚ ጠዋት ተነስቶ መሄጃ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ "እስካሁን አልያዝሽም?" ሲል ሆድ እንዴት እንደሚብስም አውቃለሁ። አብሽሩ። ግን አብሽሩ ብቻውን ሥራ አያስገኝምና የሠራልኝን ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ቀን እናቴ ጎረቤት ቡና ጠጥታ መጣችና "ልጅሽ ምን ትችላለች ብለው ጠየቁኝ፣ ምን ልበላቸው?" አለችኝ። አካውንቲንግ በያቸው አልኳት። "እሱንማ አልኩ፣ አካውንቲንግ ምንድነው የምትሠራው ሲሉኝ ጠፋኝ" አለች። የጠየቀቻት ሴትዮ ወንድም አራዳ ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ እንዳለውና ሂሳብ የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ እንደነበር የሰማሁት ሌላ ሰው ከቀጠረ በኋላ ነው። በጣም ቆጨኝ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ እናቴ ለሰው የምትነግረው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን አልሰጠኋትም።

ፐርሰናል ብራንድ ምናምን የሚባለው ነገር እኮ እኛ ጋ ድሮም አለ፣ ስም ነው። እናንተ በሌላችሁበት ሰው ስለናንተ የሚያወራው ነገር ማለት ነው። እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ባለ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ደግሞ ስም ከሲቪ ቀድሞ ይደርሳል፣ ስለዚ ምን እንዲባልላችሁ እንደምትፈልጉ እናንተው ቀድማችሁ ወስኑ።

መጀመሪያ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር አውጡ። የትምህርት ክፍላችሁን ስም ሳይሆን ለማን ምን ሠርታችሁ እንደምትሰጡ የምትናገር መሆን አለባት፣ እና ያልተማረ ሰው ሰምቶ ለሌላ ሰው መድገም መቻል አለበት። የኔዋ "የሱቅ ገቢና ወጪ በኮምፒውተር መዝግባ በየወሩ የቫቱን ሂሳብ አዘጋጅታ ትሰጣለች" ነበረች፣ እናቴ እዛው ቁጭ ብላ ያዘቻት። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለልኝ፣ ትንሽ ሱቅ ነበር ደመወዙም ትንሽ ነበር ግን የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው። ሲቪል የተማረ ልጅ "የቤት ፕላን አይቶ ስንት ብሎኬት ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ ያወጣል" ቢባልለት "ኢንጂነር ነው" ከመባል በጣም ይሻለዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን እውነት ይሁን፣ ኤክሴል ሳትችሉ እችላለሁ ካላችሁ ያው ቡና ላይ ያ ወሬም ይዞራል።

ቀጥሎ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ የወሎ ልጅ ያስለቀሰ ነገር፣ የስማችሁ አጻጻፍ። መሐመድ፣ ሰይድ፣ ሁሴን የሚሉ ስሞች በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፉ ታውቃላችሁ፣ ዲግሪው ላይ በሁለት ኤም ፋይዳው ላይ በአንድ ኤም ሲኦሲው (የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀቱ) ላይ ሌላ ሆኖ ተገኝቶ ሥራ ካለፈ በኋላ ዶክመንት ማረጋገጫ ላይ የተያዘ ልጅ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩት፣ የሚለያይ ካለ ጊዜ ሳለ አስተካክሉ፣ ሲቪ፣ ኢሜይል፣ ሊንክድኢን፣ ቴሌግራም ላይም ያንኑ አንድ አጻጻፍ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ እቅዱ። "አምስት ዓመት በኋላ የት መሆን ትፈልጋለህ" የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችን ባዶ ነው፣ የነገን የማያውቅ ሰው የአምስት ዓመት ከየት ያመጣል? እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ከኢትዮጆብስ፣ ከአፍሪወርክ ቴሌግራም፣ እሁድና ረቡዕ ከሚወጣው ሪፖርተር፣ ፒያሳ ከሚለጠፈው ማስታወቂያም 20 የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቡ፣ ግን አሁን የምትወዳደሩበትን 0 ዓመት ልምድ ሳይሆን ከዛ ቀጥሎ ያለውን 2 ዓመትና 4 ዓመት የሚጠይቀውን። ደብተር ላይ የሚጠየቀውን ነገር እየጻፋችሁ በተደጋገመ ቁጥር ጭረት አድርጉበት። እኔ ሳደርገው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር 14 ጊዜ መጣ፣ እኔ ደግሞ ፒችትሪ ከፍቼም አላውቅም ነበር። በቃ ቀጣዩ ሦስት ወር ምን እንደምሠራ ያኔ ታወቀኝ። ብዙ ጭረት ያለበትን አንድ ነገር ያዙ፣ ሦስቱን አንድ ላይ አትጀምሩ።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ብዙ ሰው ያ ፋብሪካ ዕድሜ ልክ ያኖረኛል ብሎ ነበር፣ ከዛ ጦርነቱ መጣ፣ 2014 ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ወጣችና ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። ኮሌታ መስፋት ብቻ የምታውቅ ልጅና ሦስት ዓይነት ማሽን የምትነዳ ልጅ አንድ ላይን ላይ ነበሩ፣ ሲቀነስ ግን እኩል አልተጎዱም። እድገታችሁን ከአንድ ድርጅት ጋር ሳይሆን ይዛችሁት ከምትወጡት ሙያ ጋር እሰሩት፣ ከተማው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ አለ ቢራ ፋብሪካ አለ ብረታ ብረት አለ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጥራት መቆጣጠርና ስቶር መያዝ የሚያውቅ ሰው ሁሉም ጋ ይፈለጋል።

የጎረቤቴን ልጅ ነገር ሁሌ ለሰው እናገራለሁ። ጋርመንት ተምራ ኦፐሬተር ሆና ገባች፣ ጓደኞቿ ዲግሪ ይዘሽ መርፌ ላይ ብለው ይስቁባት ነበር። እሷ ሲንግል ላይን ደብተር ገዝታ ማታ ማታ ከሽፍት ስትመለስ ሦስት ነገር ትጽፋለች፣ ዛሬ ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ ምን ስናደርግ ተስተካከለ። አንዱን ገጽ አሳይታኛለች፣ "ስፌት እየዘለለ ነው፣ ክሩን ቀየርን አልተሻለም፣ መርፌው ጫፉ ታጥፎ ነበር፣ ሲቀየር ቆመ" ይላል፣ ከጎኑ የታጠፈችውን መርፌ በፕላስተር ለጥፋዋለች። የኳሊቲ ሱፐርቫይዘር ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ኢንተርቪው ላይ ያን ደብተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሌሎቹ "ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ" አሉ፣ እሷ ገጽ ገለጠች። ቦታውን አገኘች።

እናንተም ሲቪ ላይ "ሃርድ ወርኪንግ፣ ቲም ፕሌየር" የሚለውን አጥፉት፣ ሲቪ የሚሠሩልን ኮምፒውተር ቤቶች ለሁላችንም አንዱን ፎርም ነው የሚገለብጡልን። በምትኩ የሠራችሁትን ጻፉ፣ ተለማምዳችሁ የሠራችሁትም ይሁን። 2017 ላይ የደመወዝ ግብር ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ አዲሱን ሂሳብ የሚሠራ የፔሮል (የደመወዝ መክፈያ) ኤክሴል አዘጋጅታ በቴሌግራም ለሱቆች የላከች ልጅ አለች፣ የጡረታውንም 7 ከመቶ ከሠራተኛው 11 ከመቶ ከአሠሪው ራሱ እንዲያወጣ አድርጋ። ማንም አልቀጠራትም ነበር ያኔ፣ ግን ከዛ በኋላ "ያቺ የፔሮሏ ልጅ" ሆነች።

ሊንክድኢን ላይ ከስማችሁ ስር ባለው መስመር "ሥራ ፈላጊ" አትበሉ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ፎቶው በጠዋት ብርሃን ግድግዳ ፊት በስልክ የተነሳ ይበቃል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ የብሔርና የሃይማኖት ስድድብ ውስጥ የገባችሁበት ነገር ካለ ዛሬውኑ አጥፉ፣ ቀጣሪ ያያል፣ ባያይም እንኳን ለራሳችሁ ጥሩ አይደለም።

"ዘመድ ከሌለ ሥራ የለም" የሚለውን አልክድም፣ አለ። ግን ዘመድ የሌለን ሰዎችም የምናውቀው ሰው አለን፣ አስተማሪያችን፣ አፓረንት (የተማሪነት የሥራ ልምምድ) የወጣንበት ቢሮ ያለ ሰው፣ ቀድሞን የተመረቀ። "ሥራ ካለ ንገሩኝ" ብላችሁ አትላኩ፣ ሰው መልስ የለውም። "እናንተ ጋ ስቶር የሚያዘው በምን ሲስተም ነው፣ ልማረው ፈልጌ ነው" በሏቸው፣ ይሄን ሰው ደስ ብሎት ይመልሳል፣ ያስታውሳችኋልም። ለፎርም ለምዝገባ ገንዘብ አምጡ ለሚላችሁ ግን አምስት ብር እንዳትሰጡ።

ትንሽ ቦታ ስትገቡ ይሄን አትርሱ። የመጀመሪያ አሠሪዬ ስወጣ የሥራ ልምድ አልጽፍም ብሎ ሁለት ወር አመላልሶኛል፣ መብቴን አላውቅም ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ሲለቅም ሆነ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየበትን ጊዜና ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ አሠሪው በነፃ መስጠት አለበት። ስለዚ እስክትለቁ አትጠብቁ፣ ፍቅር ሳለ በየዓመቱ አጽፉ። ሌላው፣ ብዙ የመንግሥት ማስታወቂያ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማረጋገጫ ይኑረው ይላል፣ ስትቀጠሩ "ፔሮል ላይ አስገቡኝ፣ ግብሬ ይቆረጥ" በሉ። ደመወዝ ትንሽ ቢቀንስም ሁለት ዓመት ሠርታችሁ እንዳልሠራ ከመቆጠር ያድናችኋል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ለኢንተርቪው የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ካሰባችሁት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን መሀል ያለው ሃረጎ ተራራ ላይ ጉም ከወረደ ወይ ከባድ መኪና ከቆመ አለቀ። ደሴ በብርዱ ሹራብ ደርባችሁ ትወጣላችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ሹራቡን መኪና ላይ አውልቁ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ዶክመንቱን በላስቲክ ይዛችሁ ግቡ፣ እንደ ጎረቤቴ ልጅ የሠራችሁትን የምትጽፉበት ደብተር ካላችሁም ከላይ አድርጉት።